የእጅ ሥራ ውበት፦ ከደሴ እስከ ማሺኮ

ደሴ ባለው ቤታችን፣ ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት የፋብሪካ ሲኒዎች ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው ጀበናዋ ላይ ነው፤ አንገቷ ጥቂት ዘመም ያለ፣ እጀታዋ ሥር የሠሪዋ አውራ ጣት የነካው ጎድጎድ ያልጠፋ። ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ጃፓናዊ አሳቢ ውበትን የፈለገው እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ነበር፦ ስማቸው ያልተመዘገበ ባለሙያዎች ለዕለት አገልግሎት በሠሯቸው ሳህኖች፣ ቅርጫቶችና ጨርቆች። በ1936 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ የተከፈተው የሕዝባዊ ዕደ ጥበብ ሙዚየም የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ወዳጁ ሐማዳ ሾጂ ደግሞ ማሺኮ በተባለች የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ኖሮ፣ ከአካባቢው አፈር በሠራቸው ዕቃዎች ላይ ስሙን አያኖርም ነበር። የእኛዎቹስ መቼ ፈርመው ያውቃሉ? ነገር ግን የጃፓን መንግሥት በ1955 እ.ኤ.አ. ሐማዳን በሕያው ቅርስነት ሲያከብረው፣ እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪነት ለዘመናት እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል፤ ንቀቱም እስካሁን ጨርሶ አልጠፋም።