በላጲስ የጠፉት ቁጥሮች

የፊዚክስ ላብ ሳስተምር በጣም የምወደው ሙከራ ማስመሪያ መጣል ነው። አንዱ ባለ 30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ከጫፉ ይዞ ያንጠለጥላል። ሌላው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፈት አድርጎ ዜሮው ጋ ይጠብቃል። ማስመሪያው ድንገት ሲለቀቅ ቀልጠፍ ብሎ መያዝ ነው። ጣቱ ያረፈበት ቁጥር የወደቀበት ርቀት ነው። ርቀቱን በሜትር ወስዶ በ2 ማባዛት፣ ለ9.8 ማካፈል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፤ የምላሽ ጊዜው በሰከንድ ይገኛል። ለ20 ሳንቲሜትር 0.20 ሰከንድ ገደማ ይመጣል።

አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ያስረከቡኝ ሪፖርት ላይ አምስቱም ልኬቶች 20 ነበሩ። 20፣ 20፣ 20፣ 20፣ 20። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘንበል ሳደርገው እርሳሱ ተጭኖ ያለፈበት ቦታ ሰርጎድ ብሎ ይታያል። በላጲስ ቢጠፋም ይነበባል፦ 17፣ 23፣ 19፣ 26፣ 15። ደምሬ ለአምስት ሳካፍላቸው አማካያቸው ልክ 20 ነው።

ጠርቼ ጠየቅኋቸው። «ቲቸር፣ በየጊዜው የተለያየ ሲመጣብን የተሳሳትን መስሎን ነው» አለች አንደኛዋ። መልሷ አሳዘነኝ። ይህ ነገር ከእነሱ አልጀመረም። ማርክ የሚሰጠው መጽሐፉ ላይ ላለው መልስ ለቀረበ ከሆነ፣ ተማሪ ቁጥር ማስተካከል መልመዱ አይቀርም። እነዚህ ልጆች ያጠፉት ደግሞ የሙከራውን ዋና ነገር ነው።

ቁጭ ብለን የጠፉትን ቁጥሮች መልሰን ጻፍናቸው። መጀመሪያ የማስመሪያውን ድርሻ አየን። ስናነብ በግማሽ ሳንቲሜትር ብንሳሳት እንኳ ከ20 ላይ 2.5 በመቶ ነው። ቀመሩ ውስጥ ስኩዌር ሩት ስላለ ጊዜው ላይ ሲደርስ በግማሽ ይቀንሳል፤ 0.0025 ሰከንድ ብቻ። የእነሱ ልኬቶች ግን ከ0.175 እስከ 0.230 ሰከንድ ተበትነዋል። ማስመሪያው ምንም አላጠፋም፤ የሚለዋወጠው ሰውዬው ነው። ልኬቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት የመበተን መጠን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 0.022 ሰከንድ ገደማ ወጣ። የአማካዩን መዛባት ለማግኘት ያንን ለልኬቶቹ ብዛት ማለትም ለአምስት ስኩዌር ሩት ስናካፍል 0.01 መጣ። ስለዚህ ውጤታቸው 0.20 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.01 ሰከንድ ነው። አምስት 20 የደረደረ ሪፖርት ግን ይህን ሰው ሁሌም እኩል ይፈጥናል ብሎ ይመሰክራል። ያ ውሸት ነው።

ያኔ የኪንብሩክን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1796 በእንግሊዝ የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ አለቃ የነበረው ኔቪል ማስክሊን ረዳቱን ዴቪድ ኪንብሩክን ከሥራ አሰናበተው። ረዳቱ ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያለውን ክር ሲያልፍ የሚመዘግበው ሰዓት ከአለቃው በ0.8 ሰከንድ ያህል ይዘገይ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ቤሰል ነገሩን ሲመረምር በታላላቅ ተመልካቾች መካከልም እንዲህ ያለ ልዩነት አገኘ። «ታዲያ ሰውዬው ጥፋቱ ምን ነበር?» አለችኝ ሁለተኛዋ። ምንም። ማንም ያልለካው ነገር ነበር እንጂ።

በነገራችን ላይ የስልክ ስቶፕዎች የሰከንድ መቶኛ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው እስከዚያ ድረስ ያምነዋል። የሚነካው ጣት ግን ያው የእኛ ነው። ፔንዱለም ስንለካ አንድ ውዝዋዜ ሳይሆን 20 ውዝዋዜ ለክተን ለ20 የምናካፍለው ለዚህ ነው፤ የጣታችን መዛባትም አብሮ ለ20 ይካፈላል።

ልጆቹ አልሄዱም። በድምፅስ ቢሆን ብለው ዓይን ጨፍነው ሞከሩ። የምትለቀው «ያዢ!» ስትል የጨፈነችው ትይዛለች። 0.17 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.01 መጣ። «ጆሮ ከዓይን ይፈጥናል!» ብላ የመጀመሪያዋ ልትጽፍ ስትል እርሳሱን አቆመችው። ልዩነቱ 0.03 ነው። የሁለቱ ልኬቶች መዛባት ሲጣመር ደግሞ 0.014። ልዩነቱ የመዛባቱ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ደፍሮ ለመናገር ቀጭን ነው። መዛባቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ መለካት እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው፤ በየዓይነቱ ሃያ ሃያ ጊዜ ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ግን ሌላ ነገር ታይቷት ነበር። «ቲቸር፣ ቃሉ ከአፏ ሲወጣና ጣቷ ሲለቅ እኩል መሆኑን በምን እናውቃለን? ሁሌ ቀድማ የምትናገር ከሆነ ሃያ ጊዜም ብንለካ ያው ነው።» ልክ ነበረች። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ስህተት በድግግሞሽ አይጠፋም።

መፍትሔውንም ራሳቸው አመጡት። በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳ ስልክ ጣቷንና ድምፅዋን አንድ ላይ ቀረጹ። አንዱ ምስል ከሌላው የሚርቀው በ0.004 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ በቂ ነው። ከዚያ አዲስ ሰንጠረዥ አሰመሩ። በዚህኛው ላይ የጻፉት በእስክሪፕቶ ነው።