ከሳጥኑ ፊት መጀመር፦ የገመድ አልባ ኔትወርክ ኮንትሮለርን ሃርድዌር ሳጠና የደረስኩበት

ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ ካለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ ጥናቴን ዋይፋይ ከሚያሰራጩት አክሰስ ፖይንቶች ወደ መቆጣጠሪያቸው፣ ማለትም በራክ (በመሣሪያ መደርደሪያ) ላይ ወደሚገጠመው የገመድ አልባ ኔትወርክ ኮንትሮለር አሸጋግሬአለሁ። ብዙዎቻችን ይህን መሣሪያ የምናውቀው በብራውዘር በሚከፈተው ገጹ ነው፤ የዋይፋይ ስም እንፈጥርበታለን፣ የይለፍ ቃል እናስቀምጥበታለን፣ ከዚያም እንዘጋዋለን። በዚህ ዙር ግን ገጹን ወደ ጎን ትቼ ከብረቱ ለመጀመር ወሰንኩ። እያንዳንዱ ፖርት ለምን ለብቻው እንደተሠራ ከገባን፣ በኋላ ኮንፊገሬሽን ላይ ግራ የሚያጋቡን አብዛኞቹ ጥያቄዎች ቀድመው ይመለሳሉ ብዬ አምናለሁ።

የተለማመድኩበት መሣሪያ የሲስኮ 5508 ነው። ሞዴሉ ከሽያጭ የወጣ ቢሆንም ፊቱ ለተማሪ እጅግ የተመቸ በመሆኑ፣ ከእርሱ በኋላ የወጡትን የ5520፣ የ8540 እና የካታሊስት 9800 መግለጫዎች ከጎኑ ዘርግቼ እያነጻጸርኩ አጥንቼዋለሁ። ስለ መጠኑ ብዙ የምለው የለም፤ ቁመቱ አንድ የራክ ዩኒት ማለትም 44.45 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚገጠመውም በተለመደው ባለ 19 ኢንች ራክ ላይ ነው። 8540 እና 9800-80 ሁለት ዩኒት ይይዛሉ። የ5508 የዳታ ፖርቶች ከፊት፣ የኃይል መሰኪያዎቹ ደግሞ ከኋላ ስለሆኑ፣ ቦታ ሲመረጥ የራኩ ሁለቱም ወገን በእጅ የሚደረስበት መሆኑን ማየት ይገባል።

የ5508ን ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ስናነበው መጀመሪያ የሪደንዳንሲ ፖርት፣ ቀጥሎ የሰርቪስ ፖርት፣ ከዚያ አንዱ በአርጄ-45 ሌላው በሚኒ ዩኤስቢ የሚሰኩ ሁለት የኮንሶል መግቢያዎችና ዩኤስቢ፣ ከዚያም በረድፍ የተደረደሩ ስምንት የኤስኤፍፒ (ተነቃይ የፋይበር ወይም የመዳብ ሞጁል የሚገባባቸው) ቀዳዳዎች እናገኛለን። የሁለቱን ፓወር ሰፕላዮች፣ የሲስተሙንና የአላርሙን ሁኔታ የሚያሳዩ ትንንሽ መብራቶችም እዚያው ፊት ላይ አሉ። አርጄ-45 የሆኑት ሦስቱ መግቢያዎች በመልክ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያንኑ የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ይቀበላሉ፤ በተግባር ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ፈጽሞ አይሠራም። አንዱ ለጥንዱ መሣሪያ፣ ሌላው ለአስተዳዳሪው፣ ሦስተኛው ኔትወርክ ሳይኖርም ለሚደረግ ንግግር ነው። የተጠቃሚዎች ትራፊክ በሦስቱም አያልፍም፤ የእርሱ መንገድ የኤስኤፍፒው ረድፍ ብቻ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝም ይኸው ረድፍ ነው፤ ይገባዋልም። አክሰስ ፖይንቱ ከኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው በካፕዋፕ ፕሮቶኮል ነው፤ ፕሮቶኮሉ በመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 5415 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) የተደነገገ ሲሆን፣ ለቁጥጥር መልእክቶች የዩዲፒ ፖርት 5246ን (ይህ የሶፍትዌር መለያ ቁጥር እንጂ ቀዳዳ አይደለም)፣ ለዳታ ደግሞ 5247ን ይጠቀማል። የቁጥጥሩ መልእክት በዲቲኤልኤስ (በዩዲፒ ላይ በሚሠራ የምስጠራ ፕሮቶኮል) ይመሰጠራል፤ ዳታውም እንዲመሰጠር ከተፈለገ የማመስጠሩ ሸክም በኮንትሮለሩ ላይ ይጨመራል። በማእከላዊ አሠራር የተጠቃሚው ፓኬት በካፕዋፕ ተጠቅልሎ ከአክሰስ ፖይንቱ ወደ ኮንትሮለሩ ይመጣል፤ እዚያ ከመጠቅለያው ወጥቶ በሚገባው ቪላን (በስዊቹ ላይ ተለይቶ በተከፈለ ንዑስ ኔትወርክ) ላይ ተመልሶ ወደ ስዊቹ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ፓኬት በኮንትሮለሩ ፖርቶች ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ አንዴ ሲገባ፣ አንዴ ሲወጣ። ፖርቱ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ችግር አይመስልም፤ ነገር ግን ተጠቃሚዎች የሚልኩትም ሆነ የሚቀበሉት ትራፊክ ሁለቱንም አቅጣጫዎች ይይዛል። ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ላይ የመላኩና የመቀበሉ ድምር 1 ጊጋቢት ሲደርስ ፖርቱ በሁለቱም ወገን ሞልቷል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ላይ በቀስት ስዬ ካየሁት በኋላ የአቅም ስሌት የምሠራበት መንገድ ጠርቶልኛል፤ እናንተም አንድ ጊዜ ስሉት እላለሁ።

ከዚህ ተነስቼ የመግለጫ ቁጥሮችን አንድ በአንድ አካፈልኳቸው። 5508 እስከ 500 አክሰስ ፖይንትና እስከ 7,000 ተጠቃሚ ይይዛል፤ የማስተላለፍ አቅሙ 8 ጊጋቢት በሰከንድ ነው። ሁሉም ቢሞላ ለአንድ አክሰስ ፖይንት በአማካይ 16 ሜጋቢት ይደርሰዋል። 5520 በ1,500 አክሰስ ፖይንት ላይ 20 ጊጋቢት ስላለው ወደ 13 ሜጋቢት ይወርዳል፤ 8540 በ6,000 አክሰስ ፖይንት ላይ 40 ጊጋቢት ይዞ 7 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። ካታሊስት 9800-40 በ2,000 አክሰስ ፖይንት 40 ጊጋቢት ስላለው 20 ሜጋቢት ይደርሳል። ሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ቅጽበት ሙሉ ፍጥነት ስለማይጠይቅ እነዚህ አማካዮች መሣሪያው ደካማ ነው አያሰኙም። የሚነግሩን ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ በሽያጭ ወረቀት ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የአክሰስ ፖይንት ቁጥር በአብዛኛው መሣሪያው ስንቱን ማስተዳደር እንደሚችል እንጂ የስንቱን ትራፊክ በምቾት መሸከም እንደሚችል አያሳይም። በእኔ ግምት ኮንትሮለር ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት የማስተላለፍ አቅሙና የፖርቶቹ ድምር ነው። ትራፊኩ ከባድ ከሆነ ደግሞ ዳታውን አክሰስ ፖይንቱ በራሱ በአቅራቢያው ወዳለው ስዊች እንዲያወርደው ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ኮንትሮለሩ የሚሸከመው በዋናነት የቁጥጥሩን መልእክት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ልጨምር። በሲስኮ አሠራር የገመድ አልባው ምስጠራ የሚፈታው አክሰስ ፖይንቱ ላይ ነው፤ በአሩባ የቱቦ አሠራር ግን ፍሬሙ (የገመድ አልባው ፓኬት) እንደተመሰጠረ በጂአርኢ የመጠቅለያ ፕሮቶኮል ተጭኖ እስከ ኮንትሮለሩ ይደርሳል፤ የሚፈታውም እዚያ ነው። ስለዚህ የሁለቱን አምራቾች የፕሮሰሰር ሥራ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

ስምንቱን ፖርቶች እንደ አንድ የሚያሠራቸው ላግ የምንለው የማጣመር ዘዴ ነው። በ5508 ላይ ላግ ከተከፈተ ሁሉም የኤስኤፍፒ ፖርቶች የአንድ ቡድን አባል ይሆናሉ፤ ሁለት ቡድን ማድረግ አይቻልም። መሣሪያው ኤልኤሲፒ (ሁለቱ ጫፎች ስለ ማጣመሩ የሚደራደሩበት ፕሮቶኮል) ስለማይናገር በስዊቹ በኩል ያለው ቻናል ያለ ድርድር፣ በቋሚነት «ኦን» ተብሎ መዋቀር አለበት። ስዊቹ ኤልኤሲፒ እየላከ መልስ ቢጠብቅ ማንም አይመልስለትም፤ ማጣመሩም አይነሳም። ትራፊኩን በስምንቱ ገመዶች ላይ የሚያከፋፍለውም በአመዛኙ ስዊቹ ነው፤ አከፋፈሉን በመነሻና በመድረሻ አይፒ አድራሻ ላይ ማድረግ ይመረጣል። አንድ ነጠላ ግንኙነት ምንጊዜም በአንድ ገመድ ላይ ስለሚሄድ ግን ስምንት ባለ 1 ጊጋቢት ፖርት ከአንድ ባለ 8 ጊጋቢት መንገድ ጋር እኩል አይደለም። አዲሶቹ ሞዴሎች ጥቂት ግን ሰፊ ፖርት ይዘው የመጡበትን ምክንያት ያየሁት በዚህ ነው፤ 5520 ሁለት፣ 9800-40 አራት ባለ 10 ጊጋቢት ፖርቶች ብቻ አሏቸው።

የኤስኤፍፒ ሞጁሎቹን በተመለከተ ለፋይበር አዲስ ለሆኑ ባልደረቦች ጥቂት ላስታውስ። ሞጁሉ መሣሪያው ሳይጠፋ ይገባል፣ ይወጣል። በሁለቱም ጫፍ ያሉት ሞጁሎች አንድ ዓይነት የብርሃን ሞገድና ከፋይበሩ ጋር የሚስማማ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ በ850 ናኖ ሜትር የሚሠራው ኤስኤክስ ለመልቲሞድ (ለአጭር ርቀት ፋይበር)፣ በ1310 ናኖ ሜትር የሚሠራው ኤልኤክስ በዋናነት ለሲንግልሞድ (ለረጅም ርቀት ፋይበር) ነው። የመዳቡ ሞጁል እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። የፋይበሩ ጫፍ እስኪሰካ ድረስ የላስቲክ መክደኛው አይነሳ፤ በዓይን የማይታይ አቧራ መብራቱ ጨርሶ እንዳይበራ ወይም ግንኙነቱ እየተቆራረጠ እንዲሠራ ያደርጋል።

ወደ ሪደንዳንሲ ፖርቱ ልመለስ፤ ከሁሉም አስበልጬ የወደድኩት እርሱን ነው። ሞዴላቸው አንድ፣ የሶፍትዌር ቅጂያቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ኮንትሮለሮች በዚህ ፖርት ይጣመራሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ኮንፊገሬሽኑና የአክሰስ ፖይንቶቹ ሁኔታ በፖርቱ በኩል ወደ ተጠባባቂው ይገለበጣል፤ በሕይወት መኖራቸውንም በየጊዜው በሚላላኩት አጭር መልእክት ይጠያየቃሉ። የሚሠራው ቢወድቅ አክሰስ ፖይንቶቹ እንደገና መመዝገብ ሳያስፈልጋቸው በተጠባባቂው ሥር ሆነው ይቀጥላሉ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ራክ ላይ ከሆኑ አንድ ኬብል ከፖርት ወደ ፖርት መዘርጋት ይበቃል። በተለያዩ ሕንፃዎች ከሆኑ መንገዱ በስዊቾች በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ሲስኮ የሚጠይቀው የመሄጃና የመመለሻ መዘግየቱ ከ80 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ስፋቱ ቢያንስ 60 ሜጋቢት በሰከንድ እንዲሆን፣ ኤምቲዩውም (በአንድ ፓኬት የሚያልፈው ትልቁ መጠን) 1500 ባይት እንዲሆን ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ መሣሪያዎቹ ደህና ሆነው በመካከላቸው ያለው ገመድ ብቻ ሲቋረጥ የሚነሳው ነው። ተጠባባቂው «ጓደኛዬ ሞቷል» ብሎ ሥራውን ቢረከብ ሁለት አለቃ ይፈጠራል፤ አንድ አድራሻ በሁለት መሣሪያ ይያዛል። ይህን ለመከላከል መሣሪያዎቹ በማኔጅመንት በኩል፣ ማለትም በኤስኤፍፒው መንገድ፣ እርስ በርስና ከጌትዌዩ (ወደ ሌሎች ኔትወርኮች መውጫ ከሆነው መሣሪያ) ጋር ሁለተኛ ምርመራ ያደርጋሉ። ስለዚህ የሪደንዳንሲው ገመድና የዳታው ገመድ በአንድ ስዊች፣ በአንድ የኬብል ቱቦ እንዳያልፉ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ አደጋ አብረው ከጠፉ ሁለተኛው መኖሩ ትርጉም የለውም። በ9800-40 ላይ ሪደንዳንሲው በመዳብም በኤስኤፍፒም እንዲሆን መደረጉ ለሩቅ ጥንዶች ትልቅ እፎይታ ነው።

ኃይሉም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። 5508 ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል፤ መሣሪያው እየሠራ አንዱን ነቅሎ መቀየርም ይቻላል። ሁለቱም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ግን የተጠበቀው ከፓወር ሰፕላዩ ብልሽት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በሌላ ዩፒኤስ ወይም በሌላ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ መሆን አለበት። ከፍተኛ ፍጆታው 115 ዋት ነው፤ በ3.412 ሲባዛ ወደ 392 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) በሰዓት ይመጣል፤ ለክፍሉ ማቀዝቀዣ የሚመዘገበውም ይኸው ቁጥር ነው። የሥራ ሙቀቱ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ፣ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት በኬብል ክምር እንዳይታፈን ኬብሎቹን ወደ ጎን ማሰር ያስፈልጋል።

የሰርቪስ ፖርቱ ዋናው ኔትወርክ ቢወድቅም አስተዳዳሪው የሚገባበት የጎን በር ነው። አድራሻው ከማኔጅመንት አድራሻው በተለየ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ላይ መሆን አለበት፤ ዲፎልት ጌትዌይም ስለማይሰጠው ከሩቅ ለመድረስ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚሰጥ የመንገድ መመሪያ) ይጻፍለታል። በኮንሶል የሚገባ ሰው ደግሞ የተርሚናል ፕሮግራሙን በ9600 ፍጥነት፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲና በ1 ስቶፕ ቢት ያዘጋጃል። መሣሪያው ሲነሳ የሚጽፈውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማንበብ እወዳለሁ፤ በብራውዘር ገጹ ላይ የማይታይ ብዙ ነገር እዚያ ይነበባል።

ሰዓቱ ደግሞ የሚረሳ ግን ብዙ የሚወስን ክፍል ነው። አክሰስ ፖይንትና ኮንትሮለር የሚተማመኑት በፋብሪካ በተጫነላቸው ሰርተፊኬት ስለሆነ፣ የኮንትሮለሩ ሰዓት ሰርተፊኬቱ ከጸናበት ቀን በፊት ወይም ካበቃበት ቀን በኋላ ካመለከተ የዲቲኤልኤሱ ድርድር ይከሽፋል፤ አክሰስ ፖይንቱም አይመዘገብም። ኬብሉ፣ መብራቱ፣ አድራሻው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ምዝገባው እምቢ ካለ መጀመሪያ ቀኑን ማየት ይበጃል። በሲስኮ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ የእነዚህ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ 10 ዓመት በመሆኑ፣ ያገለገለ መሣሪያ ለልምምድ የምትይዙ ሁሉ ኤንቲፒን (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮቶኮል) ከማዋቀር ጋር የሰርተፊኬቱንም ማብቂያ ቀን አብራችሁ ተመልከቱ።

ቀጥዬ የምሠራው የሪደንዳንሲውን ገመድ በስዊች በኩል አሳልፌ መዘግየቱን ቀስ በቀስ በመጨመር ጥንዶቹ የሚሰጡትን ምላሽ በኮንሶል መመዝገብ ነው። በዚህ ላይ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ በተለያዩ ሕንፃዎች ያሉ ጥንዶችን የምታስተዳድሩ፣ የምርመራ መንገዶቻችሁን እንዴት እንደለያያችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ እጠቀማለሁ።