በቁምሳጥኑ በር ላይ የቀረው ስም

የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ዛሬ ለዕረፍት ሲሸኙ፣ የመጨረሻውን መኝታ ክፍል ከአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ጋር አጸዳን። ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ከቁምሳጥኑ በር ላይ እንዲያነሣ ስነግረው በጥፍሩ ጫፍ ቀስ አድርጎ ላጠው፤ ከሥሩ የአምናው ልጅ ስም ወጣ፣ ከዚያም ሥር ሙጫ ያደበዘዘው የሌላ ልጅ ስም ነበር። ጥቂት ካየው በኋላ የራሱን መልሶ ለጠፈና «የሚመጣው ልጅ ከላይ ይለጥፋል» አለኝ።

ይህ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ የሚያለቅስ ነበር። ተማሪዎቹ ተከፋፍለው በሚኖሩባቸው ቤቶች መካከል በተደረገው ውድድር ቤታችን በሩጫ መጨረሻ፣ በመዝሙር አንደኛ ወጥቷል (የነጥብ ሰሌዳውን እኔ ብዙም አልወደውም)። ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር በአንድ ቤት የማኖሩ ጥቅም የታየኝ ግን በጥናት ሰዓትና በጽዳት ተራ ነው፤ አልጋ ማንጠፍን ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተማረው ይኸው ልጅ፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ዘግይቶ የገባውን አዲስ ልጅ ማንም ሳያዝዘው ሲያስተምር አገኘሁት።

ወረቀቱን አላስነሣሁትም። በርክክብ ቅጹ ላይ ግን «ሙሉ በሙሉ ጸድቷል» ብዬ ፈርሜያለሁ።