ስም የሌለው የሙከራ ካርትሪጅ፦ እንዴት ለየሁት፣ ዋጋውንስ እንዴት ተመንኩ

ለጥገና ባለሙያዎች የተሠሩ የሙከራ ካርትሪጆች፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ተሰክተው ብልሽቱን የሚፈልግ ፕሮግራም የያዙ ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ለሱቅ መደርደሪያ የታሰቡ አልነበሩም። ሣጥንም ሥዕልም የላቸውም፤ የአንዳንዶቹ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። አስመስሎ የሚሸጥ የሚበዛውም ለዚህ ነው፤ ባዶ ፕላስቲክ ላይ «ሙከራ» ብሎ መጻፍ ማንንም አይከብድም።

ሜሪላንድ ውስጥ ከተዘጋ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ በጅምላ ከገዛኋቸው ዕቃዎች መካከል አንዱ እንዲህ ያለ ነበር። ቅርጹ ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ይሸጠው የነበረው የቤት ኮምፒውተር፣ የኮሞዶር 64፣ ካርትሪጅ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ከደረቀ ሙጫ በቀር የቀረ ነገር የለም። ማሽን ላይ ከመሰካቴ በፊት ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ከፈትኩት። ውስጡ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ሰሌዳዋ ላይ አንድ ቺፕ፣ ቺፑ አናት ላይ ደግሞ ቁራጭ ወረቀት የተለጠፈባት ክብ የኳርትዝ መስኮት አለች።

መስኮት ያለው ቺፕ ኢፒሮም ይባላል። የተጻፈበት ነገር በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጠፋል፤ በአምራቾች መግለጫ መሠረት ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን በሳምንት ገደማ፣ የክፍል ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ሊደመስሰው ይችላል። ብዙ ሰብሳቢ የቺፑን ስም ለማየት ሲል ያንን ወረቀት ይልጠዋል። እባካችሁ አትላጡት! እኔ ወረቀቱን እንዳለ ትቼ ቺፑን በማንበቢያ መሣሪያ ደጋግሜ አነበብኩ፤ የተገኙትን ፋይሎችም ባይት በባይት አመሳከርኩ። ንባቦቹ ከተለያዩ ቺፑ እየደከመ ነው ማለት ነው፤ ገዢውም ይህን የማወቅ መብት አለው።

ቺፑ ጠርዝ ላይ 8438 የሚል ቁጥር ታትሟል፤ በፈረንጆቹ 1984 በ38ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሐሰትን ያጋልጣል፤ እውነትን ለማረጋገጥ ግን ብቻውን አይበቃም። ካርትሪጁ ተሠራበት ከተባለው ዘመን በኋላ የተመረተ ቺፕ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። አሮጌ ቺፕ ገዝቶ ዛሬ ፕሮግራም መጻፍ ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ብየዳውን በማጉያ መነጽር መረመርኩ፤ የቺፑ እግሮች ዙሪያ አዲስ የብየዳ ቅሪት አልነበረም፤ ሰሌዳዋም ዳር እስከ ዳር እኩል ደብዝዛለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሰካሁት። ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንዶች ጨለመና «ዴድ ቴስት» ከሚል ርዕስ ጋር 781220 የሚለው ቁጥር ወጣ። ኮሞዶር ለጥገና ሠራተኞች ያዘጋጀው መሣሪያ ነው፤ አሠራሩን ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ። ሌሎች የመመርመሪያ ካርትሪጆች ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሣ ይጠብቃሉ፤ ይህኛው ግን መብራት እንደገባ የማሽኑን መነሻ ፕሮግራም ቦታ ይወስድና ሜሞሪውን ሳይደገፍበት ይፈትሻል። በቀደሙት ኮሞዶሮች ሜሞሪው ስምንት ቺፖች ሲሆን እያንዳንዱ ከባይቱ አንድ ቢት ይይዛል። አንዱ ከተበላሸ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የብልጭታው ቁጥር የትኛው ቺፕ እንደሆነ ይናገራል። ምንም ምስል የማያወጣ ኮሞዶር ስለነበረኝ በእርሱ ላይ ሞከርኩት። አምስት ጊዜ ብልጭ አለ፤ የተጠቆመውን ቺፕ ስቀይር ማሽኑ ተነሣ። የካርትሪጁ ሥራ ይኸው ነው፤ ሐሰተኛ ዕቃ ነው የሚል ጥርጣሬዬም እዚያው ቀለለ።

ወደ ዋጋው ስመጣ ብርቅነት ብቻውን ገንዘብ እንደማያመጣ ማስታወስ ነበረብኝ። በፈረንጆቹ 1990 ለተካሄደው የኒንቴንዶ የቪዲዮ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና የተሠሩት ካርትሪጆች ውድ የሆኑት ግራጫዎቹ 90፣ ወርቃማዎቹ 26 ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ለማን እንደተሰጡ ይታወቃል፤ ግራጫዎቹ ለፍጻሜ ተወዳዳሪዎች፣ ወርቃማዎቹ በመጽሔት ውድድር ላሸነፉ ነበር፤ ግራጫዎቹም ተራ ቁጥር አላቸው። የእኔው ካርትሪጅ ግን ፕሮግራሙ ስምንት ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ ማንም ሊገለብጠው ይችላል። እኔ የምሸጠው እንግዲህ የዘመኑን ቺፕ፣ የዘመኑን ሰሌዳና የመጣበትን ታሪክ ነው።

ስለዚህ ሻጮች የሚጠይቁትን ትቼ ኢቤይ ላይ በእርግጥ የተሸጡትን ብቻ ተመለከትኩ። የተጠየቀ ዋጋ ምኞት ነው፤ ማንም ያልከፈለውን ዋጋ ይዞ መከራከር አያዋጣም። ተለጣፊው ስለጠፋ ዋጋውን ዝቅ አደረግኩ፤ የመጠገኛው የሥራ ደረሰኝ አብሮት ስለነበረ ደግሞ መልሼ ጨመርኩ። ደረሰኙን ከሌሎች ቆሻሻ ወረቀቶች ጋር አልጣልኩትም፤ እንዲህ ያለ ጅምላ ዕቃ ስገዛ ወረቀቱን ሁሉ ጨምሬ መውሰድ ልማዴ ነው።

ለሽያጭ ሳቀርበው የሰሌዳውን ፎቶ ከሁለቱም ገጽ፣ የተነበበውን ፋይል፣ ደረሰኙንና የጎደለውን የሚዘረዝር አንድ ገጽ አብሬ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጠያቂ ስለ ቺፑ ቀን ጠየቀኝ፤ ፎቶውን ላክሁለት፤ በዋጋው አልተከራከረም።