ጥቁሯ መስኮት ብልጭ ብላ ስትጠፋ

የጻፍኩትን የኮድ ፋይል በማውስ ጎትቼ ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ላይ ጣልኩት። ጥቁር መስኮት ብልጭ ብላ ጠፋች። ደገምኩት። ብልጭ፣ ጥፍት። በሦስተኛው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «መብራት ሊሄድ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሳሪስ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ነኝ። አሥር ኮምፒውተር አለ፤ ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተማሪ ሲለቀቅ አሥሩም ይያዛሉ። ጌሙ ሁሌም ያው የተኩስ ጌም፣ ካውንተር ስትራይክ 1.6 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጌም ነው፤ የእኛ ማሽኖች ከዚያ በላይ አይችሉም፤ ቢችሉም ልጆቹ የሚለቁት አይመስለኝም። እኔ ያኔ የጋሼ ቴክኒሻን ነበርኩ። ቴክኒሻን ማለት ማውስ መቀየር፣ ቫይረስ ማጽዳት፣ «ሰዓቴ መች አለቀ!» የሚለውን ልጅ ማባበል ነው።

አንድ ቀን ሰርቨሩን፣ ማለትም ልጆቹን በአንድ ጌም የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ አማርኛ ማስተማር አማረኝ። ጭንቅላት የመታውን «ጎበዝ!» እንዲለው፣ በቢላ የተወጋውን ደግሞ «አይዞህ» እንዲለው። በላቲን ፊደል ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ልጆቹም ቻት ላይ አማርኛ የሚጽፉት እንደዚያ ነው።

ሰርቨሩ ላይ ኤኤምኤክስ ሞድ ኤክስ ተጭኗል። አስተዳዳሪው ረባሹን የሚያባርርበት፣ ማፕ (የጨዋታውን ሜዳ) የሚቀይርበት ነገር ነው። ሰው የራሱን ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ትንሽ ፕሮግራም፣ ጽፎ ሊጨምርበትም ይችላል። የሚጻፈው ፓውን በሚባል ትንሽ ቋንቋ ነው፤ የሆላንዱ ኩባንያ የአይቲቢ ኮምፕዩፌዝ ሥራ ነው፣ መጀመሪያ ስሙ ስሞል ነበር። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረ ሰው ገና ሲያየው ዝምድናቸውን ይለያል። እኔም ኮሌጅ ሲ በጥቂቱ ነክቻለሁ፤ ስለዚህ ኮዱን አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሃያ ምናምን መስመር ናት። ኮዱ ግን እንደተጻፈ አይሠራም። ኮምፓይለሩ ፈጭቶ ሰርቨሩ የሚበላው ፋይል ሊያደርገው ይገባል። ኮምፓይለሩ ደግሞ ቁልፍ የለው፣ ሜኑ የለው። በትእዛዝ መስመር፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር መስኮት፣ ብቻ ነው የሚያናግሩት። ይህን ሳላውቅ ነው በማውስ ስጎትት የዋልኩት።

መስኮቷ ለምን እንደምትጠፋ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኮምፓይለሩ ሥራውን ይሠራል፣ ያየውን ሁሉ ይጽፋል፣ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ዊንዶውስ መስኮቷን ይዘጋታል። የጠፋኝ ኮምፓይለሩ የተናገረው ነገር በሙሉ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ መስኮቷን ራስህ ትከፍታለህ፤ ፎልደሩ ላይ ሆነህ አድራሻው የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲኤምዲ ብለህ ኢንተር ትመታለህ። ከዚያ የኮምፓይለሩን ስም፣ ክፍተት፣ የፋይሉን ስም ትጽፋለህ። አሁን መስኮቷ የትም አትሄድም።

እኔ ግን ከዚህ በፊት ሌላ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ቤት ልሥራ ብዬ ኮምፓይለሩን ብቻ በፍላሽ ገልብጬ ወሰድኩ። አንዱን ፋይል ብቻ! መጀመሪያ አብሮት የሚኖረውን ዲኤልኤል ፋይል ፈለገ። እሱን አመጣሁለት። ቀጥሎ «ፌታል ኤረር 100» አለኝ፣ ሊነበብ ያልቻለ ፋይል አለ ብሎ። የኔ ፋይል መሰለኝ፤ ስሙን ቀየርኩ፣ ቦታውን ቀየርኩ፣ ከነጭራሹ እንደ አዲስ ጻፍኩት። የኔ አልነበረም። ሊነበብ ያልቻለው ኮዴ ገና በመጀመሪያው መስመር የሚጠራው የፈንክሽኖች፣ በስም የሚጠሩ ዝግጁ ትእዛዞች፣ ዝርዝር ነው። ዝርዝሮቹ ኢንክሉድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ የሚፈልጋቸው አጠገቡ ነው። ምጣዱን ተሸክሜ ሄጄ አክንባሎውን ረስቼዋለሁ።

ፎልደሩን አመጣሁና ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጥኩት። ዝርዝሩ ሌላ ቦታ ከሆነ ዳሽና ትንሿን አይ ጽፎ መንገዱን ማሳየት ይቻላል። አሳየሁት። አሁንም እምቢ። ለካ ያስቀመጥኩበት ፎልደር ስሙን እንኳ አልቀየርኩለትም፣ ዊንዶውስ እንዳወጣለት «ኒው ፎልደር» ነው። መሀሉ ክፍተት አለ። ኮምፓይለሩ «ኒው» የሚለውን መንገድ አድርጎ ወሰደና «ፎልደር» የሚለውን ሌላ ፋይል መሰለው። መንገዱን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ያድናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮድ የምጽፍበትን ፎልደር ስም በአንድ ቃል ነው የማወጣው። ከዳሽ አይዋም በኋላ ክፍተት የለም፣ መንገዱ ይለጠፋታል።

በመጨረሻ ኮዴን አነበበልኝ። የመጀመሪያው ስህተት መስመር 14 ላይ ነው አለ። መስመር 14 ላይ ዐይኔ እስኪፈዝ አፈጠጥኩ። ምንም የለበትም። ችግሩ 13 ላይ ነበር፤ ቅንፍ ሳልዘጋ ወርጃለሁ። ኮምፓይለሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፤ ቅንፉ አሁን ይዘጋል አሁን ይዘጋል እያለ ይሄዳል፣ ተስፋ የሚቆርጠው ቀጣዩ መስመር ላይ ሲደርስ ነው። ቁጥሩ የቆመበትን እንጂ የተሰናከለበትን አይናገርም። ደግሞ በዚያች አንድ ቅንፍ ምክንያት ሰባት ኤረር ደርድሮልኛል። ሰባቱን ለማስተካከል ስሞክር ደህናውን ኮድ ሁሉ አበላሸሁት። አሁን የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክዬ እንደገና እፈጫለሁ። ብዙ ጊዜ የቀሩት አብረው ይጠፋሉ።

ኤረሮቹ አለቁ። የኮዱ ባይት ይሄን ያህል፣ የዳታው ይሄን ያህል፣ ስታክና ሂፕ (ፕለጊኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 16384 ባይት፣ መጨረሻ ላይ «ደን»፣ ተጠናቀቀ ብሎ ጻፈ። 16384 ከየት መጣ ላለ፣ ፓውን ውስጥ ሁሉ ነገር የሚቀመጠው ባለ 4 ባይት ሴል ውስጥ ነው፤ ካልተነገረው 4096 ሴል ይይዛል። እኔ ያኔ «ደን» የምትለዋን ብቻ ነው ያየኋት። ከሷ በላይ አርባ የሚሆኑ ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ ከላይ ያሉትን አነበብኩ፣ ሁሉም ቁጥር 217 ናቸው፣ የመስመሮችህ አጀማመር ተዘበራርቋል የሚሉ። ግማሹን በታብ፣ ግማሹን በስፔስ ነው የገፋሁት። ይሄ የመልክ ጉዳይ ነው ብዬ ናቅሁት። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ፣ ማፕ ቀየርኩ፤ ፕለጊን የሚነሳው ማፕ ሲቀየር ነው።

ሰርቨሩ አማርኛ ተናገረ። ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ እንኳ ከጠረጴዛቸው ተነስተው መጡ።

ሳቁ ግን ሌላ መልክ እየያዘ መጣ። እግሩን የተመታም ሲሞት፣ ቦምብ የፈነዳበትም ሲሞት ገዳዩ «ጎበዝ! ጭንቅላት!» ይባላል። ከዚያ ደግሞ ከመልእክቱ ጋር የገዳዩን ቀሪ ሕይወት እንዲጽፍ አድርጌ ነበር። 100 ሙሉ ነው። አንዱ ልጅ ላይ 1120403456 ብሎ ጻፈ። «ይሄን ልጅ ማን ይገድለዋል?» ተባለ። ያን ሳምንት ሙድ ተያዘብኝ። ልጁም «ቢሊየነሩ» የሚል ስም ወጣለት።

ማታ ሁሉም ሲወጡ ታቦቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ማስተካከል ሳይጠይቅ ቁጥር 217ን ዝም የሚያሰኝ አንድ መስመር ትእዛዝ እንዳለ በኋላ አውቄያለሁ፤ ማስተካከሉ ይሻላል። እንደገና ፈጨሁ። ከአርባው ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ ቀረ።

አንዱ ቁጥር 211 ነው። ሳታስበው እሴት እየሰጠህ ሊሆን ይችላል ይላል። መስመሩን ሳየው፣ «የተመታው ቦታ ጭንቅላት ከሆነ» ለማለት ሁለት የእኩል ምልክት መጻፍ ሲገባኝ አንድ ብቻ ጽፌያለሁ። አንድ ሲሆን ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ «የተመታው ቦታ ጭንቅላት ይሁን» የሚል ትእዛዝ ነው። ሰርቨሩም ታዘዘ።

ሁለተኛው ቁጥር 213 ነው፤ የሁለቱ ወገን ዓይነት አይገጥምም ይላል። ሕይወቱን የጠየቅሁት ነጥብ ያለው ቁጥር በሚመልስ ፈንክሽን ነው፣ የተቀበልኩት ግን ሙሉ ቁጥር በሚይዝ ዕቃ ነው። ፓውን ሴሉን እንዳለ ይገለብጠዋል፣ አይተረጉመውም። መቶ ነጥብ ዜሮ የተጻፈበት 32 ቢት እንደ ሙሉ ቁጥር ሲነበብ 1120403456 ይሆናል። አንድ የማጠጋጊያ ፈንክሽን መሀል ላይ ሲገባ ነገሩ አበቃ። ይባስ ብሎ ሕይወትን በሙሉ ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ፈንክሽን እዚያው ኢንክሉድ ፎልደር ውስጥ ነበር። አላነበብኩትም።

ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን ተነግረውኛል። አርባ የታብ ወቀሳ መሀል ተቀብረው ነው ያላየኋቸው።

ኮምፓይለሩ ያላየው ስህተትም አለ። በዚህ እስካሁን አልወቅሰውም። የእያንዳንዱን ልጅ ነጥብ ለመቁጠር አሥር ቦታ ያለው አሬ፣ ማለትም በቁጥር የተደረደሩ ሳጥኖች፣ ሠራሁ። ኮምፒውተሩ አሥር፣ ቦታው አሥር። ብቻዬን ሞከርኩት፣ ሠራ። አምስት ልጅ ሲጫወት ሠራ። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ አንዱ ልጅ እያለቀሰ ሊመጣ ምንም አልቀረው፤ «ለኔ ብቻ ጎበዝ አይልም!» አለ። እውነቱን ነው። ሰርቨሩ ተጫዋች የሚቆጥረው ከ1 ጀምሮ ነው፣ አሬው ግን ከ0 እስከ 9። አሥረኛ የገባው ልጅ ቦታ የለውም። ኮዱ ውስጥ ቁጥሩን በግልጽ 10 ብዬ ብጽፈው ኮምፓይለሩ ይይዘኝ ነበር። እኔ የጻፍኩት ግን «የገዳዩ ቁጥር» ብዬ ነው፤ ያ ደግሞ የሚታወቀው ጌሙ ሲጀመር ነው። የፕለጊኖቹ ዝርዝር ላይ ከስሙ ቀጥሎ ዲበግ (ስህተት ፈልግ) የሚል ቃል ጨመርኩ፣ ሰርቨሩ የሆነውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ ስህተቱ የመስመሩን ቁጥር ጨምሮ ቁልጭ ብሎ መጣ። አሁን የምጽፈው 33 ነው። ጌሙ የሚችለው 32 ተጫዋች ነው፣ የዜሮዋ ቦታ ባዶ ትቀመጣለች።

የሊኑክሱን ሌሊት በአጭሩ ልለፈው፤ አሁንም ያናድደኛል። ጋሼ ሰርቨሩን ወደ አሮጌ ማሽን አዛወሩትና ሊኑክስ ጫንኩበት። ኮምፓይለሩን ስጠራው «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይለኛል። ፋይሉ ዐይኔ ሥር ተቀምጧል! ስሙን አስዘርዝሬ አየዋለሁ፣ ስጠራው የለም። ከብዙ ሰዓት በኋላ ገባኝ፤ ኮምፓይለሩ ባለ 32 ቢት ነው፣ ሲስተሙ ባለ 64። የለም የተባለው ባለ 32ቱን ፕሮግራም የሚያስነሳው ሌላ ፋይል ነው። እሱን ጭኜ ሊነጋጋ ሲል ፈጨሁ። ጠዋት ላይ አንድ ጓደኛዬ «ዊንዶውስ ላይ የፈጨኸውን ለምን ዝም ብለህ አልገለበጥከውም?» አለኝ። ገልብጬ ሞከርኩ። ሠራ። ፓውን የሚፈጨው ለዊንዶውስም ለሊኑክስም አይደለም፣ ለራሱ ምናባዊ (በሶፍትዌር ለተሠራ) ማሽን ነው፤ ያው ፋይል ሁለቱም ጋ ይሄዳል።

አሁን ትእዛዞችን በተራ የምታስኬድ አንዲት ባች ፋይል አለችኝ፣ አራት መስመር። መጀመሪያ የድሮውን ውጤት ታጠፋለች። ይህን ያስገባሁት፣ ኮምፓይል ሳይሳካ ሲቀር የትናንቱ ፋይል እዚያው ስለሚቆይና እኔ አዲሱ መስሎኝ እሱን ስሞክር ስለዋልኩ ነው። ከዚያ ትፈጫለች፣ ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ትገለብጣለች። የመጨረሻዋ መስመር «ፖዝ» ናት፣ ቁልፍ እስክመታ መስኮቷን ይዛ ትቆያለች።

ባለፈው «ቢሊየነሩ» መጥቶ እኔም ልጻፍ አለኝ። ሰውን ቀድሞ የገደለውን «አንበሳ» የሚል ፕለጊን ነው ያማረው። ወንበሬን ለቀቅሁለት። ጽፎ ባቿን መታት፤ መስመር 9 ላይ ኤረር መጣ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ 9ን ፈለገ፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ዞር ብሎ አየኝ። ዝም አልኩ። ጣቱን ወደ 8 አወጣ።