አኻያን በወንዝ ዳር መትከልና መከታተል

ወንዝ ዳር የተተከለን ነገር ሁለት ጠላት ይጠብቀዋል፦ የሐምሌና የነሐሴ ደራሽ ውሃ፣ ከዚያ የበጋ ከብት። በደብረ ብርሃን ዙሪያ እንደ በሬሳ ባሉ የደጋ ወንዞች ዳር ሥራ ሲታቀድ መነሻው እነዚህ ሁለቱ እንጂ የችግኝ ብዛት መሆን የለበትም።

ለውሃው ጠርዝ ከአኻያ የሚሻል የለም። ሥሩ ተጠላልፎ አፈሩን ይይዛል፤ ቅርንጫፉ ተለማጭ ስለሆነ ጎርፍ ሲጫነው ይተኛል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም፤ ከቁራጭ ስለሚበቅልም ችግኝ ጣቢያ አያስፈልገውም። ቁራጩ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ይሁን። ታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ ላይኛው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ ካልተለየ ተዘቅዝቆ ይተከላል። ቅጠሉን አራግፋችሁ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቆዩት። የአኻያ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚወጣ፣ ቁራጩን ከተራራቁ ዛፎች ሰብስቡ፤ ሁሉም ከአንድ ዛፍ ከመጣ ዳርቻው ራሱን በዘር አይተካም።

ስትተክሉ መጀመሪያ በድጅኖ ጉድጓድ ክፈቱ፤ በመዶሻ ብቻ ከተመታ ልጡ ይላጣል። ከርዝመቱ ሦስት አራተኛው መሬት ውስጥ ገብቶ ጫፉ በበጋም የማይደርቀውን አፈር ይንካ። ዙሪያውን አጥብቃችሁ ጠቅጥቁ። ክፍተት የቀረበት ቁራጭ በግንዱ ባለው ስንቅ ቅጠል ያወጣና ይደርቃል፤ ስለዚህ በአንድ ወሩ «ጸድቋል» ተብሎ የሚመዘገብ ቁጥር አይታመንም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ሰኔ ላይ የተተከለ ቁራጭ በቂ ሥር ሳይሰድ ደራሽ ውሃ ይደርስበታል። መስከረም ላይ የተተከለውን ደግሞ ለጋ ቡቃያውን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። በልግ በሚዘንብበት ወረዳ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ይሻላል። ውሃው ገደሉን ከሥሩ እየቦረቦረ ከሆነ ግን አስቀድሞ ግርጌው በድንጋይ ይደገፍ፤ ተክል ብቻውን አያቆመውም።

ከጠርዙ ከፍ ብሎ አንፋርና ቀጋ፣ ደረቅ በሆነው ላይ ወይራና የሐበሻ ጽድ ይከተላሉ። ዳሩን የያዘው ባሕር ዛፍ ከሆነ ጉቶውን አትንቀሉ፤ ሥሩ ሲነሳ አፈሩም አብሮ ይናዳል። በየተራ ከመሬት ጠግቶ ይቆረጥ፣ የሚያቆጠቁጠውም እየተከታተሉ ይሰበር። አጣናው የገበሬው ገቢ ስለሆነ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚተክልበት ቦታ አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል።

ምርምርን ከገበሬው ጋር የሚያገናኘው ቀላል መለኪያ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ፌሮ በገደሉ ፊት አግድም ይሰካና 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውጭ ይቅር። ጥቅምት ላይ ውጭ የሚታየው 12 ከሆነ ወንዙ 7 ሳንቲ ሜትር አፈር ወስዷል ማለት ነው። ገበሬው ይለካ፣ የልማት ሠራተኛው ይመዝግብ፣ የዩኒቨርሲቲው ወይም የግብርና ምርምር ማዕከሉ ባለሙያ ያነጻጽር፤ ግልባጩ ግን መንደሩ ውስጥ ይቅር። የሞተው ቁራጭም በምክንያቱ ይጻፍ፦ ጎርፍ፣ ከብት ወይስ ውርጭ።

ከብቱን አጥር ብቻውን አይመልሰውም። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬት ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ በጋራ ውሳኔ ከፍቶ ያጭድ ነበር፤ ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ቆይቷል። ወንዝ ዳርም ሣሩ እየታጨደ ለባለ ድርሻው ይከፋፈል፣ ከብቱ ግን አይግባ። ክልከላው የሚነሳበት ጊዜ በዓመት ሳይሆን በአኻያው ቁመት ቢወሰን ይሻላል፤ ጫፉ ከከብት አፍ በላይ ካለፈ በኋላ፣ እሱም አፈሩ በደረቀበት ወራት ብቻ።