አንኮበር ከነአያታችን

ልጆቹ የፈለጉት ላንጋኖ ነበር። አሸዋ፣ ዋና፣ ጀልባ። ባህር ባይኖረንም ሐይቅ አለን ብለው ተሟገቱ። እናቴ ግን አልተዋጠላትም፤ ልጆቹ እቴቴ ነው የሚሏት። «ውሃ ዳር ተጎልቼ ምን ልሠራ? ይልቅ አገሬን አሳዩአቸው» አለች። አገሯ አንኮበር ዙሪያ ነው። ድምፅ ሰጠን። እሷ ብቻዋን ነበረች፤ አሸነፈች።

ዘመድ ዘንድ ደውለን መንገዱ ሰላም መሆኑን ካጣራን በኋላ አርብ ጠዋት ወጣን። በዚህ ዘመን ይህን ሳያደርጉ መነሳት አያዋጣም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ ያልፋል። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ ነው። እቴቴ ከመንገድ ዳር አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት አስገዛችን። እየፈለፈለች ስታጎርሰን ደብረ ብርሃን ደረስን፤ የመኪናው ወለል በቅርፊት ተሞላ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በርህን ስትከፍት ብርዱ ፊትህን ይልሰዋል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ ሲያንስ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቀረን።

ያረፍንበት ሎጅ ገደል ጫፍ ላይ ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ በየክፍሉ የእሳት ምድጃ። በረንዳው ላይ ስትቆም ከእግርህ ሥር ምድሩ ያልቃል፤ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው አገር ተዘርግቶ ይታያል። በማግሥቱ ጠዋት ቆላው በሙሉ ደመና ለብሶ አገኘነው። ባለቤቴ ዕድሉን ተጠቀመና «ይኸው፣ ባህር!» አለ። ትንሹ ልጅ አየት አደረገና «አይዋኝበትም» ብሎ ወደ ቁርሱ ተመለሰ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሎጁ «ለቤተሰብ ምቹ» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። የቤተሰብ ክፍል የተባለው አንድ ትልቅ አልጋና ሁለት ትንንሽ አልጋዎች አሉት። እኛ ደግሞ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ እህቴና እናቴ ነን። ይህ እኛ ዘንድ የተለየ ነገር አይደለም፤ ተራ ቤተሰብ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ ያለው የድንጋይ ደረጃ መደገፊያ የለውም። ለልጆች ዥዋዥዌ የተከለ ሰው ለአያት አንድ የብረት መደገፊያ እንዴት ይረሳል? ሁለት ሠራተኞች መጥተው እቴቴን ግራና ቀኝ ያዟት። «ልቀቁኝ ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ዳገት እንጨት ለቅሜ ነው ያደግሁት» ትላለች፤ እጃቸውን ግን አትለቅም።

ሠራተኞቹን ግን አመሰግናለሁ። ማታ መብራት ጠፋ፤ ቦይለሩም አብሮ ጠፋ። ልጆቹን እንዴት አጥባለሁ ብዬ ስጨነቅ አንድ ወጣት ከኩሽና የፈላ ውሃ በባልዲ ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ ተጨማሪ ፍራሽ፣ ቀጥሎ ማገዶ። «እማማ ከእሳቱ ጠጋ ይበሉ» ብሎ ወንበሯን ራሱ አስተካከለላት። እኔ ቅንጦት የምለው ይህን ነው፤ ሻወሩ ቢቀርም ይቅር።

የጉዞው ንጉሥ ጭላዳ ዝንጀሮ ሆነ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተጣብቆ ያድራል፤ ነብርም ጅብም አይደርስበትም። ፀሐይ ሲሞቅ መንጋው ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው። ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል፤ ሲጨርስ ሳይነሳ በመቀመጫው ወደፊት ይንፏቀቃል። ወንዱ ጋማው እንደ ካባ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተኝተው ቆጠሩ፣ ስም አወጡ፣ ተጣሉ። እኔም ስልኬን ረሳሁት።

እቴቴ ብቻ አልተደነቀችም። «እነዚህን እኮ ነው ከገብሳችን ላይ ስናባርር የኖርነው። ለማየት ደግሞ ገንዘብ ትከፍላላችሁ?» ብላ ሳቀችብን። ከዚያ ከግቢው ጠባቂ ገመድ ለምና ለትልቁ ልጅ ወንጭፍ ጎነጎነችለት። ወደ እንስሳም ወደ ገደልም አይወረወርም ብዬ አስማልኩ፤ ገደሉ ሥር ሰው አለ። የቀኑ ቀሪ ክፍል በታጨደ ማሳ ላይ ድንጋይ በመወንጨፍ አለቀ። ዥዋዥዌው ማንም ሳይነካው ዋለ።

እሁድ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሄድን። እቴቴ ዳገቱን አይታ ታች ቡና ወዳፈሉ ሴቶች ዞረች፤ ስንመለስ የማን ልጅ መሆናቸውን ሁሉ አውቃ ጨርሳለች። ላይ የቀረው ፍርስራሽ ጥቂት ነው። ልጆቹ «ቤተ መንግሥቱስ የታል?» አሉ። አልፈርድባቸውም። ባለቤቴ ወደ ቆላው እያመለከተ ያወራቸው ግን ያዛቸው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫው እዚህ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር 1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ለንጉሡ ስጦታ ይዞ በዚህ ዳገት ወጣ። የወዳጅነትና የንግድ ውልም ተፈራረሙ። ከሥር ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት የገበያ ከተማ ነበረች። «ታጁራ ባህር ነው?» አለች ልጄ። ነው። «እና በእግር ስንት ቀን ነው?» ሳምንታት አልናት። ላንጋኖ ይቀርባል ብላ ደመደመች።

ስንወጣ ሒሳቡ ላይ ተጨማሪ ፍራሾቹ ተደምረው መጡ። ተገቢ ነው፤ ግን ስንይዝ ማንም አልነገረንም። እቴቴ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ «ልጄ፣ ደረጃው ላይ ብረት አስተክል። ገንዘብ የሚከፍለው ሽማግሌው ነው» አለችው። ከፋዩ ባለቤቴ ነበር፤ ዝም አለ።

ከአያት ጋር የምትሄዱ ከሆነ ስትደውሉ ስለ ዋናና ዋይፋይ አትጨነቁ። መኪናው የት ድረስ እንደሚገባ ጠይቁ። ደረጃ የሌለው ክፍል ካለ በስማችሁ አስይዙ፤ የተጨማሪ ፍራሽ ዋጋንም በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ጋቢ ደግሞ ከቤት ያዙ፤ የሎጁ ብርድ ልብስ ለጥቅምት ሌሊት አይበቃም።